ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ ሲቆለፉ

ጨፋ ሮቢት አመዳይ የሚጥልባት አገር አይደለችም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አስፋልት ከሚሴ ከመድረሱ በፊት የሚያቋርጣት ይህች ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ባለው ሞቃት ሜዳ ላይ ነች። ሆኖም በክረምት ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ቦርከና ረግረግ የሚነዳ ሹፌርና ጥር ላይ ሚኒሶታ ውስጥ መኪናውን አመዳይ የዋጠበት የአገሩ ልጅ የሚያማርሩት በአንድ ነገር ነው። አንዱ የኋላ ጎማ እንደ እብድ ይሽከረከራል፤ ሌላው ፈጽሞ አይነቃነቅም፤ መኪናውም ካለበት ፈቀቅ አይልም።

ጥፋቱ የዲፈረንሻል ነው። ወይም በትክክል ለመናገር፣ ዲፈረንሻሉ ሥራውን በደንብ በመሥራቱ የመጣ ጣጣ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይጓዛል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1.5 ሜትር ስፋት ካለ፣ በአንድ የቀኝ ማዕዘን እጥፋት ብቻ ልዩነቱ 2.4 ሜትር ያህል ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ብረት ቢያያዙ ኖሮ አንዱ አስፋልቱን እየፋቀ ይጎተት ነበር። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኬር በ1827 እ.ኤ.አ. በእንፋሎት ለሚሄድ ተሽከርካሪ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የጥርስ ስልት፣ ማለትም ዲፈረንሻል፣ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ፈቀደ።

ፈቃዱ ግን ዋጋ አለው። ዲፈረንሻል ፍጥነትን እንጂ ጉልበትን አያበላልጥም፤ ለሁለቱም ጎማ የሚያካፍለው እኩል ነው። ቀንበር ላይ አንዱ በሬ ሲለግም ብርቱው ብቻውን ማረሻውን መሳብ እንደማይችለው፣ ደረቅ መሬት የረገጠው ጎማም ከሚንሸራተተው ጓደኛው በላይ መግፋት አይችልም። በቁጥር እንየው። ጭቃ ውስጥ ያለው ጎማ ከመንሸራተቱ በፊት 50 ኪሎ የሚያህል ግፊት ብቻ ቢችል፣ ደረቅ ላይ ያለው ደግሞ 400 ቢችል፣ መኪናው የሚያገኘው 450 ሳይሆን 100 ነው። ነዳጅ መጨመር እዚህ ላይ ጉድጓድ ከመቆፈር በቀር የሚፈይደው የለም።

ዲፍ ሎክ የሚባለው የዲፈረንሻል መቆለፊያ ይህን እኩልነት ያፈርሳል። ቁልፉ ሲገባ ግራና ቀኙ እንደ አንድ ብረት ይዞራሉ፤ ብርቱው ጎማ የቻለውን ሁሉ ይገፋል፤ 450ው ተገኘ ማለት ነው። በማሴይ ፈርጉሰን ትራክተር ላይ ይህ በተረከዝ የሚረገጥ ፔዳል ነው። በገጠር መንገድ የተለመደው የ70 ሲሪዝ ላንድክሩዘር ደግሞ ሎክ ከተገጠመለት፣ የሚዞር ማብሪያ መጀመሪያ የኋላውን፣ ቀጥሎ የፊቱን ይቆልፋል። ሹፌሮች ግን ብዙ ጊዜ ትዝ የሚላቸው መኪናው እስከ ሆዱ ከተቀበረ በኋላ ነው። ጎማው መሽከርከር ከጀመረ በኋላ በኃይል መቆለፍ ጥርሱን ሊሰብር ይችላል። ጭቃው ውስጥ ከመግባት በፊት ቆም ብሎ፣ ወይም በእርምጃ ፍጥነት፣ ማስገባት ይሻላል።

ጭቃና አመዳይ የሚለያዩበት ቦታም አለ። የጨፋ ዓይነቱ ጥቁር አፈር፣ አገሪቱ ውስጥ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የሚሸፍነው፣ ከ30 በመቶ በላይ ሸክላ ነው። በበጋ፣ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ረግረጉ ሲመጡ፣ መሬቱ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ውኃውን በሸክላው ንጣፎች መካከል እየሳበ ያብጣል። የጎማውን ጥርስ ከደፈነው በኋላ ጎማው ልሙጥ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የጭቃ ጎማ ጥርሱ የተራራቀ፣ ጭቃውን እየወረወረ የሚጥል ነው። የአመዳይ ጎማ ግን በተቃራኒው አመዳዩን በጥርሱ መካከል ይይዛል፤ አመዳይ ከአመዳይ ጋር ስለሚያያዝ መያዙ ይጠቅመዋል።

አመዳይ ላይ ሎክ የሚያስፈራበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። በክፍት ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ሌላው ስለማይሽከረከር የመኪናውን ጭራ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዘዋል። ሲቆለፍ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይለቃሉ፤ መንገዱ ወደ ጎን ካዘነበለም ጭራው ቁልቁል ይንሸራተታል። መሪውን ቢያዞሩም መኪናው በቀጥታ መሄድን ይመርጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ጨፋ የሚወርድ ሹፌር ይህን የሚያስብበት ቦታ ጣርማበር ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ገደል ዳር፣ ጣሊያን ከሠራው ዋሻ አካባቢ፣ በረዶ ወርዶ አስፋልቱ ነጭ በለበሰ ዕለት። እዚያ የሚያዋጣው ከባድ ማርሽና ዝግታ ነው፤ ሎክ ቆሞ የቀረን መኪና ለማስነሳት እንጂ ቁልቁለት ለመውረድ አልተሠራም።

ወደ አስፋልት ሲመለሱም ቁልፉን ማውጣት ግድ ነው። አንዳንዴ ማብሪያው ተመልሶ መብራቱ አልጠፋ ይላል። ሁለቱ ጎማዎች ተወጣጥረው ጥርሱን ስለያዙት ነው፤ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ማለት ወይም መሪውን ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ይለቀዋል።