ወርሃዊ ክፍያ የማይጠይቀው የሕንድ የሳተላይት ቴሌቪዥን ወጪውን ከየት ይሸፍናል?

በሕንድ ገጠሮች የሚኖሩ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ቴሌቪዥን ለመመልከት ለብዙ ጊዜ የነበራቸው ምርጫ ጠባብ ነበር። አንደኛው በምድር አንቴና የሚደርሷቸውን ጥቂት የመንግሥት ጣቢያዎች መከታተል ሲሆን፣ ሌላው በየወሩ እየከፈሉ የኬብል መስመር ማስገባት ነው። ይሁንና ቤቶች ተራርቀው ወደሚገኙባቸው መንደሮች መስመር መዘርጋት ለኬብል ኩባንያዎች የሚያዋጣ ባለመሆኑ፣ ለመክፈል ፈቃደኛ የሆነው ነዋሪ እንኳ አገልግሎቱን የማያገኝባቸው አካባቢዎች ጥቂት አልነበሩም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የአገሪቱ የሕዝብ ብሮድካስት ተቋም ፕራሳር ባራቲ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ዲዲ ዳይሬክት ፕላስ የተባለ የሳተላይት አገልግሎት ጀመረ። በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩት ማንሞሃን ሲንግ የተመረቀው ይኸው አገልግሎት ሥራውን የጀመረው 33 የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን በማሠራጨት ነበር። ከጊዜ በኋላ ዲዲ ፍሪ ዲሽ የሚል ስያሜ የተሰጠው ሲሆን፣ በዘርፉ ግምት መሠረት ተጠቃሚዎቹ ከ40 ሚሊዮን ቤቶች በላይ ደርሰዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተመልካቹ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ዲሽና አንድ ሪሲቨር ከገበያ ገዝቶ ያስተክላል። የሚሠራጩት ጣቢያዎች በመሠረቱ በምሥጢራዊ ኮድ ያልተቆለፉ በመሆናቸው ካርድ መሙላት፣ ውል መፈረምም ሆነ ወርሃዊ ሒሳብ መክፈል አይጠበቅበትም። ሳተላይቱ ተራራውንም በረሃውንም በአንድ ጊዜ ስለሚሸፍን ለእያንዳንዱ መንደር የተለየ መስመር መዘርጋት አያስፈልግም። ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ወቅት ግን ሥዕሉ መቆራረጡ አይቀርም።

የዋጋው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በስሌት ነው። ለዲሹና ለሪሲቨሩ አንድ ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ ከ1 ሺህ 500 እስከ 2 ሺህ ሩፒ ገደማ ነው። በአንጻሩ የሕንድ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ ባዋለው የታሪፍ ደንብ ለመጀመሪያዎቹ 100 ጣቢያዎች በወር እስከ 130 ሩፒ እንዲከፈል ተፈቅዶ ነበር። 18 በመቶ ግብር ሲታከልበት ወርሃዊ ክፍያው ከ153 ሩፒ፣ ዓመታዊው ደግሞ ከ1 ሺህ 840 ሩፒ ይበልጣል። የሚከፈልባቸው የመዝናኛና የስፖርት ጣቢያዎች ዋጋ በዚህ ውስጥ አይካተትም። በመሆኑም አንድ ቤተሰብ ለአንድ ዓመት መነሻ የኬብል አገልግሎት የሚያወጣው ገንዘብ የሳተላይት መሣሪያውን ገዝቶ ለዓመታት ያለ ክፍያ ለመመልከት ያስችለዋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ተመልካቹ አለመክፈሉ አገልግሎቱ ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ለሳተላይት ኪራይ፣ ሥርጭቱን ወደ ሳተላይት ለሚልከው የምድር ጣቢያና ለሠራተኞች ገንዘብ ያስፈልጋል። በሕንድ ይህን ሸክም በዋነኛነት የሚሸከሙት የግል ጣቢያዎች ባለቤቶች ናቸው። ፕራሳር ባራቲ በሳተላይቱ ላይ ያሉትን የሥርጭት ቦታዎች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ ጨረታ ያከራያል። በ2019 በወጣው የአሠራር መመሪያ ደግሞ ጣቢያዎቹ በይዘታቸው ተመድበው ለየምድቡ የጨረታ መነሻ ዋጋ የተወሰነ ሲሆን፣ ከፍተኛው ዋጋ የተጣለው በሕንዲ ቋንቋ በሚሠራጩ የመዝናኛ ጣቢያዎች ላይ ነው። ዜናና የክልል ቋንቋዎች ዝቅ ባለ ዋጋ ይስተናገዳሉ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2023 ባካሄደው ዓመታዊ ጨረታ ከ60 በላይ ቦታዎችን አከራይቶ ከ10 ቢሊዮን ሩፒ በላይ አግኝቷል። ለነፃ አገልግሎት የተቋቋመ ሥርዓት ለመንግሥታዊው ተቋም ይህን ያህል ገቢ ማስገኘቱ ብዙዎች ከጠበቁት በላይ ነው።

የጣቢያ ባለቤቶች ይህን ያህል ለመክፈል የሚሽቀዳደሙት ከማስታወቂያ የሚያገኙት ገቢ ስለሚያካክስላቸው ነው። ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙናና ሻይ የመሳሰሉትን የሚያመርቱ ድርጅቶች የገጠሩን ሸማች ይፈልጉታል። ሆኖም የገጠሩ ተመልካች በቁጥር እስካልታወቀ ድረስ ማስታወቂያ አስነጋሪው ገንዘቡን አያወጣም። ለውጡ የመጣው የአገሪቱ የተመልካች ቆጠራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 የገጠር ቤቶችን በጥናቱ ማካተት ሲጀምር ነው። ነባር ተከታታይ ድራማዎችን በድጋሚ የሚያሳየው ዚ አንሞል የተባለው የፍሪ ዲሽ ጣቢያ ባልተጠበቀ ሁኔታ ብዙ ተመልካች ካላቸው ጣቢያዎች ጎን ተሰለፈ። የከተማ ሰው ብዙም የማያውቀው ጣቢያ ነበር።

አሠራሩ ያለ ችግር አልተጓዘም። እ.ኤ.አ. በ2017 መገባደጃ አካባቢ ጨረታው እንዲቆም ተደርጎ እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ አዲስ መመሪያ ሲጠበቅ ቆይቷል። አዲሱ የታሪፍ ደንብ ሥራ ላይ በዋለበት ወቅት ደግሞ አራቱ ታላላቅ የቴሌቪዥን ኩባንያዎች፣ ማለትም ስታር፣ ዚ፣ ሶኒና ቫያኮም 18፣ የመዝናኛ ጣቢያዎቻቸውን ከማርች 2019 ጀምሮ ከፍሪ ዲሽ አስወጡ። በ2020 ተመልሰው በኤፕሪል 2022 በድጋሚ ወጡ፤ በ2023 ደግሞ ተመለሱ።

የዚህ መመላለስ ምክንያት የጥቅም ግጭት ነው። ኩባንያዎቹ በአንድ በኩል ከገጠሩ ተመልካች የሚገኘውን የማስታወቂያ ገቢ ይፈልጋሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ይዘታቸው በነፃ ሲታይ ከኬብል ደንበኞች የሚያገኙት ክፍያ ይቀንስባቸዋል። የኬብል ኩባንያዎችም በነፃ የሚገኘውን ጣቢያ ደንበኞቻቸው ገንዘብ ከፍለው የሚያዩበት ምክንያት የለም ሲሉ ያማርራሉ። በመካከሉ የሚጎዳው ተመልካቹ ነው። በየወሩ የሚከፍል ደንበኛ ጣቢያ ሲቋረጥበት ቅሬታ የሚያቀርብበት ውል አለው፤ ሪሲቨሩን ከሱቅ ገዝቶ የተከለው ግን የሚከታተለው ድራማ አንድ ቀን ከስክሪኑ ሲጠፋ የሚጠይቀው አካል የለም። ተጠቃሚዎች የማይመዘገቡ በመሆናቸውም ተቋሙ ትክክለኛ ቁጥራቸውን የሚያውቀው በግምትና በጥናት ብቻ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። የኬብል መስመር ባልተስፋፋባት አገራችን ዲሽ አንድ ጊዜ ገዝቶ ያለ ወርሃዊ ክፍያ መመልከት የተለመደ ነው። ልዩነቱ ሒሳቡ በሚከፈልበት መንገድ ላይ ነው። ሕንድ በራሷ ሳተላይት ላይ ቦታ እያከራየች በአገር ውስጥ ገንዘብ ስትሰበስብ፣ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ለውጭ ሳተላይት ድርጅቶች ኪራይ የሚከፍሉት በውጭ ምንዛሪ ነው። ጣቢያዎቹ በ2012 ዓ.ም በማኅበራቸው አማካይነት ኤስኢኤስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ተስማምተው ኢትዮሳት በተሰኘው የጋራ መድረክ መሰባሰባቸው፣ በተናጠል ከመደራደር የተሻለ የመደራደር አቅም የሚያስገኝ ነው። በጨረታ ገቢ የመሰብሰብ ጉዳይ ግን ጣቢያዎቹ ከማስታወቂያ የሚያገኙት ገቢ በአስተማማኝ የተመልካች ቆጠራ ሳይደገፍ ሊታሰብ የሚችል አይመስልም።

ወደ ኢትዮሳት የተደረገው ሽግግርም የራሱን ወጪ አስከትሏል። ከናይልሳት ጋር እንዲገጥም ወደ ምዕራብ ተተክሎ የነበረውን ዲሽ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ወደሚገኘው ሳተላይት ለማዞር ተመልካቹ ባለሙያ መጥራት ነበረበት፤ ሁለቱንም ለማየት የፈለገ ደግሞ ተጨማሪ ዕቃ ገዝቷል። የባለሙያውን የእጅ ዋጋ የከፈለው ተመልካቹ ራሱ ነው።