ሳተላይት ቢምቢን ማየት ይችላል?

መልሱን አስቀድመን እንንገራችሁ፤ አይችልም። በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ለሚዞር መሣሪያ አንዲት ቢምቢ አትታየውም። የምትፈለፈልበትን ሁኔታ ግን ያያል። ይህ ምን ይጠቅማል? የዳዳብ ካምፖች በሚገኙበት በኬንያ ጋሪሳ አካባቢ የሆነውን እንመልከት። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በቫይረስ ይመጣል። በጎችን፣ ፍየሎችን፣ ከብቶችንና ግመሎችን ያጠቃል። እርጉዞቹ ይጨነግፋሉ፣ ግልገሎችና ጥጆች በብዛት ይሞታሉ። ሰው በአብዛኛው የሚያዘው የታመመ እንስሳ ሲታረድ ወይም ሲጨነግፍ ደሙን በመንካት ነው። በቢምቢ ንክሻም ይይዛል።

አንዳንድ የቢምቢ ዝርያዎች ዝናብ ሲመጣ ውሃ በሚያቁሩ ረባዳ ቦታዎች ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ ቫይረሱን እንደያዘ በደረቅ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ጎርፍ ሲተኛበት ይፈለፈላል። ውሃው ሳምንታት ከቆየ ሌሎች ዝርያዎችም ይራቡና በሽታውን ያዛምታሉ።

ታዲያ ሳተላይቱ ምን ያያል?

አንደኛ፣ የባሕርን ሙቀት። የፓስፊክ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ክፍል (ይህ ኤልኒኖ ይባላል) እና የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል አንድ ላይ ሲሞቁ፣ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር በኬንያና በሶማሊያ ብዙ ጊዜ ከባድ ዝናብ ይጥላል። ኤልኒኖ ሲባል ከኢትዮጵያ ደጋ ለመጣን ሰዎች ትዝ የሚለን የክረምት ዝናብ መጥፋት ነው፤ እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ሁለተኛ፣ ደመናን። ከእሱም ዝናቡ ይገመታል።

ሦስተኛ፣ የምድርን ልምላሜ። ጤነኛ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ይውጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የተባለውን ብርሃን ደግሞ መልሶ ያንፀባርቃል። ሳተላይቱ ሁለቱን ይለካል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሲሰፋ ምድሩ ለምልሟል ማለት ነው። ደረቅ አገር ከወትሮው በላይ አረንጓዴ ሆኖ ከሰነበተ፣ አፈሩ ውሃ ጠግቧል፤ ቢምቢም ተመችቷታል።

በ2006 መጨረሻ የናሳ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በዚህ መንገድ አደጋ ያለባቸውን ቦታዎች በካርታ አመለከቱ። በኖቬምበር የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ማስጠንቀቂያ አወጣ። በዚያው ወር ጎርፍ የዳዳብ ካምፖችን አጥለቀለቀ። በዲሴምበር በሽታው ጋሪሳ ውስጥ በሰው ላይ ተረጋገጠ። ትንበያው ትክክል ነበር።

ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 2007 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በኬንያ ብቻ 684 ሰዎች ታመው 155 ሞተዋል። ለምን? ማስጠንቀቂያው የቀደመው በሳምንታት ብቻ ነው። እንስሳት መከተብ ያለባቸው ደግሞ በሽታው ከመነሳቱ በፊት ነው። ከተነሳ በኋላ መከተብ አደገኛ ነው፤ አንዱ መርፌ ከታመመው ወደ ጤነኛው ቫይረሱን ያጋባል። ክትባቱ እስኪደርስ፣ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ እያለ፣ ጊዜው አለፈ።

የአካባቢው ሶማሊ አርብቶ አደሮችም ምልክቱን ያውቁት ነበር። የማያቋርጥ ዝናብ፣ ከዚያ የቢምቢ መንጋ፣ ከዚያ የእንስሳት መጨንገፍ። ሐኪም ሳይደርስ እነሱ አይተውታል። ሳተላይቱ ሰፊውን አገር ያያል፤ እረኛው ደግሞ የራሱን በረት። ሁለቱ በጊዜ ካልተነጋገሩ ካርታው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ለክፍል ሥራ፦ መምህራን፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ሜዳ ላይ አስቀምጡና ተማሪዎች የዝናቡን መጠን በማስመሪያ ይለኩ። የታቆረ ውሃ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ቢምቢ መቼ እንደበዛ በየሳምንቱ ይመዝግቡ። የጨነገፈ ወይም የሞተ እንስሳ ካዩ ግን አይንኩ፤ ለአዋቂና ለጤና ጣቢያ ይናገሩ። ወተትም ሳይፈላ አይጠጣ፣ ሥጋም ሳይበስል አይበላ።