ሰሌዳው ቢጠፋ ትምህርቱ እንዳይጠፋ፦ የታብሌትን ስክሪን በኮምፒውተር ስለ መቅረጽ

በፊዚክስ ትምህርት አንድ ቀመር የሚገባን የመጨረሻውን ውጤት በማየት ብቻ ሳይሆን ከየት ተነሥቶ በምን መንገድ እዚያ እንደደረሰ በመከታተል ነው። ይሁን እንጂ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ስሌት ዳስተር ካለፈበት በኋላ አይመለስም። በተማሪው ደብተር የሚቀረውም አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ እንጂ መንገዱ አይደለም። መምህሩ በታብሌት ላይ እየጻፈ የሚያስረዳውን ከነድምፁ በኮምፒውተር መቅረጽ ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሥራው እንዴት እንደሚከናወንና ከጀርባው ያለውን ሳይንስ ባጭሩ እንመለከታለን።

የመረጃው መጠን

አንድ የታብሌት ስክሪን 1920 በ1080፣ ማለትም 2,073,600 ፒክስሎች አሉት እንበል። የእያንዳንዱን ፒክስል ቀለም ለመግለጽ 24 ቢት ብንጠቀምና በሴኮንድ 30 ምስሎች ብንወስድ፣ በሴኮንድ 1.5 ቢሊዮን ቢት ያህል ይሆናል። ዩኤስቢ 2.0 በንድፈ ሐሳብ ደረጃ እንኳ የሚያስተላልፈው በሴኮንድ 480 ሚሊዮን ቢት ነው። ስለዚህ ምስሉ እንዳለ በገመዱ ሊያልፍ አይችልም። ቢያልፍም የ40 ደቂቃ ትምህርት 448 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል።

መውጫው መረጃውን ማመቅ ነው። ብዕሩ በሴኮንድ 6 ሴንቲ ሜትር ቢጓዝ፣ በሁለት ተከታታይ ምስሎች መካከል የሚጽፈው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስክሪኑ 22 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ይህ 17 ፒክስል ያህል ይረዝማል። የመስመሩን ውፍረት 6 ፒክስል ብናደርገው የተለወጡት ፒክስሎች 100 ገደማ ናቸው። ከሃያ ሺህ ፒክስሎች የተለወጠው አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀውን ኤች.264ን የመሳሰሉ የቪዲዮ ደረጃዎች በዚህ ይጠቀማሉ፤ ያልተለወጠውን ደግመው ከመላክ ይልቅ ልዩነቱን ይመዘግባሉ። በዚህም ድምፁን ጨምሮ በሴኮንድ 500,000 ቢት ላይ ብንወሰን፣ የ40 ደቂቃው ትምህርት 150 ሜጋባይት ይሆናል።

አሠራሩ

ለአንድሮይድ ታብሌቶች እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ ‹ስክሪን ኮፒ› ተብሎ የሚነበበው ነፃ ሶፍትዌር ያገለግላል። በመጀመሪያ በታብሌቱ ቅንብር ውስጥ የምርቱን ቁጥር ሰባት ጊዜ በመንካት የገንቢዎችን አማራጭ እንከፍታለን፤ ቀጥሎም የዩኤስቢ ዲበጊንግን እንፈቅዳለን። ታብሌቱን በገመድ ስናገናኝና ሶፍትዌሩን ስናስነሣ ስክሪኑ በኮምፒውተሩ ላይ በመስኮት ይታያል። ይህን መስኮትና የማይክሮፎኑን ድምፅ ኦቢኤስ ስቱዲዮ በተባለው ሌላ ነፃ ሶፍትዌር አጣምረን እንቀርጻለን። አይፓድና ማክ ኮምፒውተር ላላቸው ኩዊክታይም ፕሌየር ታብሌቱን በገመድ ተቀብሎ ይቀርጻል። በዋይፋይ ማገናኘት ቢቻልም ገመዱ መቆራረጥንና መዘግየትን ይቀንሳል።

ድምፁ ምስሉን ሲቀድም

ምስሉ ታምቆ፣ ተልኮና ተፈትቶ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል፤ ድምፁ ግን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። በዚህም ምክንያት መምህሩ «ይህን ኃይል» ሲል ቀስቱ ገና አልታየም። ልዩነቱን ለመለካት ቀላል ሙከራ አለ። በብዕሩ ስክሪኑን ድምፅ እስኪሰማ መታ በማድረግ ነጥብ እንጥላለን። ከዚያም በተቀረጸው ቪዲዮ ላይ ድምፁ ከተሰማበት ነጥቡ እስከታየበት ድረስ ስንት ምስሎች እንዳለፉ እንቆጥራለን። እያንዳንዱ ምስል 1/30 ሴኮንድ ስለሆነ፣ አራት ምስሎች ቢያልፉ መዘግየቱ 133 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው። ድምፁን በኦቢኤስ ውስጥ በዚሁ መጠን ማዘግየት ሁለቱን ያስታርቃቸዋል።

መብራት ቢጠፋስ?

በተለመደው የኤምፒ4 አቀራረጽ፣ ምስሎቹ በፋይሉ ውስጥ የት የት እንዳሉ የሚያመለክተው ማውጫ የሚጻፈው ቀረጻው ሲያበቃ ነው። በመሀል መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ፣ ምስሎቹ በዲስኩ ላይ ቢኖሩም ያለ ማውጫው ፋይሉ አይከፈትም። ኤምኬቪ የተባለው የፋይል ዓይነት ግን መረጃውን በየክፍሉ እየዘጋ ስለሚሄድ እስከዚያች ቅጽበት የተቀረጸው ይተርፋል። ስለዚህ በኤምኬቪ ቀርጾ፣ ሲጨረስ በዚያው በኦቢኤስ ወደ ኤምፒ4 መለወጥ ይመረጣል። ይህ ለውጥ ምስሉን እንደገና ስለማያምቀው ጥራቱን አይቀንስም።

የተቀረጸ ትምህርት ጥያቄ አይመልስም፤ ስለሆነም መምህሩን አይተካም። ነገር ግን ተማሪው ያልገባው መስመር ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሶ አሥር ጊዜ ቢያየው አይሰለችም። 150 ሜጋባይት ደግሞ ኢንተርኔት ሳያስፈልግ በፍላሽ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ከክፍሉ በስተኋላ ለተቀመጠውም ሆነ በዕለቱ ላልተገኘው ስሌቱ ከነመንገዱ ይደርሰዋል።