በርና ግድግዳ፦ ቤተሰብ ይዞ መርከብ ለሚሳፈር

ወደብ አልባ ሀገር ያፈራችው ሰው ስለ መርከብ ክፍል ሊያስረዳ መነሣቱ አንዳንዱን አንባቢ ፈገግ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። ይሁንና በባዕድ ሀገር ልጅ የምናሳድግ ሁሉ "እንደ ጓደኞቻችን በክሩዝ ውሰዱን" የሚለውን ውትወታ እናውቀዋለን። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት እጄን ሰጥቼ ከፍሎሪዳ ወደ ካሪቢያን ለ7 ሌሊት ይዣቸው ሄድኩ። ይህን የሚያስጽፈኝ በዚያ ጉዞ ላይ የደረሰብን ነገር ነው።

እኔና ባለቤቴ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጃችን፣ የ9 ዓመት ወንድሟና የ5 ዓመቷ ትንሿ፣ በድምሩ 5 ነን። በአብዛኞቹ መርከቦች አንድ ተራ ክፍል ቢበዛ 4 ሰው ነው የሚይዘው። በየቤታችን እንግዳ ሲበዛ እንደምናደርገው "ፍራሽ አንጥፈን እንብቃቃለን" ማለት እዚያ አይሠራም። ቁጥሩ የሚወሰነው በአልጋ ብቻ ሳይሆን በሕይወት አድን ጀልባም ጭምር ነውና። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም 2,200 ያህል ሰው አሳፍራ የነበራት ጀልባ ለ1,178 ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር። የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1914 የተፈረመው ከዚያ እልቂት በኋላ ነው። ዛሬም አንዳንዴ ክፍሉ ውስጥ ትርፍ አልጋ እያለ፣ ለዚያ አካባቢ የተመደበው የጀልባ ቦታ ስለሞላ ብቻ "ሦስተኛ ሰው አንጨምርም" ይባላል።

እናም ሁለት ክፍል የግድ ሆነ። ለጉዞ ወኪሏ በስልክ "ጎን ለጎን ይሁኑልን" አልኳት። "ጎን ለጎን ናቸው፣ አያስቡ" አለችኝ። አልዋሸችም። መርከቡ ላይ ስንወጣ ግን በሁለቱ ክፍሎች መካከል የነበረው ድፍን ግድግዳ ነው። ልጆቹን በአንዱ አስተኝተን እኛ በሌላው ተኛን። በሁለተኛው ሌሊት ትንሿ ነቅታ እናቷን ፍለጋ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ራሱን ቆለፈ። ኮሪደሩ ረጅም፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ እህትና ወንድሟ ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ናቸው። አንድ የጽዳት ሠራተኛ አሳንሰሩ አጠገብ ስታለቅስ አግኝቷት ወደ እንግዳ መቀበያው ወሰዳት፤ እኛ የነቃነው ስልክ ሲደወልልን ነው። ባለቤቴ በቀሩት ሌሊቶች ከልጆቹ ጋር አደረች፤ እኔ ብቻዬን።

ጥፋቱ የቃል ነው። በእንግሊዝኛው "አድጆይኒንግ" የሚባለው ብዙውን ጊዜ ጎረቤት ክፍል ማለት ብቻ ነው። "ኮኔክቲንግ" የሚባለው ግን በመካከሉ የውስጥ በር ያለው ነው። ኮሪደር ሳይወጣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይታለፋል። በሩን የክፍል አስተናጋጁ ይከፍታል፤ ጎረቤቱ ባዕድ ሰው ከሆነ እንደተቆለፈ ይቆያል። (ልጅ የሌላቸው ጥንዶች ይህን ክፍል የሚሸሹት የጎረቤቱ ድምፅ በበሩ በኩል ስለሚያልፍ ነው።) በየደርቡ ፕላን ላይ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ትንሽ ምልክት ይደረጋል። ምልክቱ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ከግርጌ ያለውን መግለጫ ማንበብ ነው። ከዚያም ሁለቱ የክፍል ቁጥሮች በማረጋገጫ ወረቀቱ ላይ መስፈራቸውን ማየት። በቃል የተነገረ ነገር፣ በእኔ እንዳያችሁት፣ አይበቃም። ኩባንያው ራሱ ክፍል የሚመድብበት ርካሽ ቲኬትም አለ፤ እሱን የገዛ ቤተሰብ ጎረቤት መሆኑንም እርግጠኛ አይደለም። ውስጠ በር ያላቸው ክፍሎች ጥቂት ስለሆኑ ቀድሞ መያዝ ይሻላል።

ሌላው የሚያደናግረው የስም አመዘጋገብ ነው። ከአሜሪካ ወደቦች የሚነሡ ብዙ ኩባንያዎች በየክፍሉ ቢያንስ አንድ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው እንዲመዘገብ ይፈልጋሉ። ልጆቻቸውን አጠገባቸው ለሚያሳድሩ ወላጆች አንዳንዶቹ ይህን ያላሉ፤ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። እኛ እኔን ከወንዱ ጋር፣ እሷን ከሴቶቹ ጋር አስመዘገቡን። "በወረቀት አፋቱን" አለች ባለቤቴ። ከተሳፈሩ በኋላ ማን የት እንደሚተኛ ጉዳያቸው አይደለም፤ ለሁለቱም ክፍል ትርፍ ቁልፍ ከእንግዳ መቀበያው ይጠየቃል።

ዋጋውም ስሌት አለው። ታሪፉ የሚወጣው በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ተብሎ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ብዙውን ጊዜ ያነሰ ይከፍላሉ። አምስት ሰው 2 እና 3 ሆኖ ሲከፈል ቅናሽ የሚያገኘው አንዱ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ከአንድ ትልቅ የቤተሰብ ክፍል ጋር ሳያወዳድሩ መወሰን ስሕተት ነው፤ መታጠቢያ ቤቱም ሁለት ይሆናል። ይህ ደግሞ 13 ዓመት የሞላት ልጅ ላለው ቀላል ነገር አይደለም።

ዓምና እንደገና ሄድን፤ በዚህኛው በሩ ነበረ። ትንሿ ሌሊት ሌሊት እየመጣች እግሬ ሥር ተጠቅልላ አደረች። ታላቋ ግን አሁን 14 ዓመት ሆኗታልና በሩ እንዲዘጋላት ፈለገች። ሦስት ቀን ከተከራከርን በኋላ በአባትየው ጫማ ገርበብ አድርገነው ተስማማን።