ማዕድና መድረክ

በዓል በመጣ ቁጥር በየቤቱ ማዕድ ይዘረጋል፤ ዘመድ ከዘመዱ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ይገናኛል። ከምግብ በኋላ ጨዋታ መከተሉም ጥንታዊ የሰው ልጅ ልማድ ነው። በአሜሪካ ይህ ልማድ የራሱን ቤት አግኝቶ «የእራት ቴአትር» የሚል ስም ወጥቶለታል። እንግዳው በአንድ ጣሪያ ሥር እራቱን በልቶ ተውኔቱን ተመልክቶ ይመለሳል። ዳሩ ግን የእነዚህ ቤቶች ታሪክ ሲመረመር አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ከማዕዱ ይቀመጥ ዘንድ የተፈቀደለት ማን ነበር የሚለው ነው።

በቨርጂንያ ግዛት፣ በሃኖቨር ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ አንድ የቆየ የእንግዳ ማረፊያ አለ። በስፍራው የማረፊያ ቤት ፈቃድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1733 ነው። ባለጉዳዮችና መንገደኞች ይበሉበት፣ ያድሩበት ነበር። የሚያስተናግዱት ግን ባሮች ነበሩ፤ ማዕዱን ያዘጋጃሉ፣ ከማዕዱ ግን አይቀመጡም።

እ.ኤ.አ. በ1953 ከኒውዮርክ የመጡ ጥቂት ወጣት ተዋንያን ይህን ያረጀ ቤት ገዝተው መኖሪያቸውም መድረካቸውም አደረጉት፤ ቴአትር ቤቱንም ባርክስዴል ብለው ሰየሙት። ስፍራው ገጠር ስለ ነበር ለተመልካቹ እራት ማቅረብ ጀመሩ። ስለዚህም የአሜሪካ የመጀመሪያው የእራት ቴአትር እየተባለ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1926 የወጣው የቨርጂንያ ሕግ በሕዝብ መሰብሰቢያ አዳራሾች ጥቁርና ነጭ ተለያይተው እንዲቀመጡ ያዝዝ ነበር። ባርክስዴል ግን ሁለቱንም በአንድነት በመቀበል በግዛቱ ካሉት የጥበብ ቤቶች ቀዳሚ እንደ ነበር ይነገርለታል። ባሮች ቆመው ባገለገሉበት ቤት የባሮች የልጅ ልጆች እንግዳ ሆነው ተቀመጡ።

ወደ ደቡብ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ የግሪንስቦሮ ከተማ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1960 አራት ጥቁር ተማሪዎች ዉልዎርዝ በተባለው መደብር የምሳ መስተንግዶ ከነጮች መቀመጫ ተቀመጡ። የሚያስተናግዳቸው ቢያጡም አልተነሡም፤ በማግሥቱም ተመለሱ። ሌሎችም ተከተሏቸው፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መስተንግዶው ለጥቁሮች ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ በምግብ ቤቶችና በቴአትር ቤቶች የዘር ልዩነትን በመላ አገሪቱ ከለከለ።

በዚያው በ1964 በግሪንስቦሮ «ባርን» የተባለው የእራት ቴአትር ተከፈተ። ስሙ ጎተራ ማለት ነው። መድረኩ ከጣሪያው ሥር ተሰቅሎ ይቆያል፤ እንግዶች በልተው ሲያበቁ ምግቡ ይነሣል፣ መድረኩም ወደ ታች ይወርዳል። ማዕዱ በነበረበት ስፍራ ተውኔቱ ይጀመራል። በሌሎች ከተሞች የነበሩ አቻዎቹ ሲዘጉ እርሱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘልቋል። ባርክስዴል በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ከጥንቱ ቤት ወጥቶ፣ በ2012 ከሌላ ቴአትር ቤት ጋር ተዋሕዷል።

ውድ አንባብያን፣ የእነዚህ ቤቶች ወጥና ጥብስ ከተረሳ ቆይቷል። የሚታወሰው ለማን ወንበር እንዳቀረቡ፣ ማንንም እንደ ከለከሉ ነው። በየቤታችንም ከሌሊት ጀምራ ስትጠብስና ስታወጠውጥ ያደረች፣ ውኃ የቀዳ፣ በር የጠበቀ ሰው አለ። የበዓሉ እንጀራ ሲቆረስ እነርሱም ከእኛ ጋር ይቀመጡ፤ እጃቸውን ታጥበው፣ ስማቸው ተጠርቶ፣ «ብሉልን» ተብለው።