ቦርጭ የጥጋብ ምልክት ወይስ የሕመም መነሻ?



በማኅበረሰባችን ቦርጭ ያወጣ ሰው ሲታይ «ተመችቶታል» ይባላል። ሐኪሞች ግን በዚህ አይስማሙም።

ቀድሞ ስብ የተረፈ ምግብ የሚጠራቀምበት ጎተራ ብቻ ይመስል ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. በአንካራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረው ቱርካዊው ጎካን ሆታሚስሊጊል አሜሪካ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ጥናት፣ የወፈሩ አይጦች ስብ «ቲኤንኤፍ አልፋ» የተባለ ብግነት ቀስቃሽ ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ አሳየ። ይህ ንጥረ ነገር ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያውካል። በ1994 ደግሞ በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ከስብ የሚመነጨውንና ለአንጎል «በቃህ» የሚለውን ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን አገኘ። ሰውነት ከልክ በላይ ሲወፍር ሌፕቲን ቢበዛም አንጎል መልእክቱን በሚገባ አይሰማም።

ታዲያ ቲኤንኤፍ አልፋን መግታት ስኳርን ይፈውሳል? በአይጦች ላይ ውጤት ታይቷል። በስኳር ሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን እንደታሰበው አልሆነም። ምክንያቱን መፈለግ ዛሬም ዶክትሬታቸውን የጨረሱ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። «ፖስት ዶክቶራል» በሚባለው ዕድል በታላላቅ ላብራቶሪዎች ለተወሰኑ ዓመታት ደመወዝ እየተከፈላቸው ይመራመራሉ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚወዱ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ ይህ በር ለእነርሱም ክፍት መሆኑን ንገሯቸው።

እኛስ ዛሬ ምን እናድርግ? ወገባችንን በሜትር እንለካ። በ2005 የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባወጣው መስፈርት፣ ለአፍሪካውያን ወንዶች 94፣ ለሴቶች 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ጥንቃቄ ያሻል። በረመዳን ቀኑን ጾመን ማታ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ስኳር የበዛበት ጁስ ማብዛት ጥቅሙን ያሳጣናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ለሦስት መክፈልን አስተምረውናል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ረመዳን ከመግባቱ ከአንድ ወር በፊት ሐኪሙን ያማክር። ጣትን ወግቶ ስኳርን መለካት ጾም አያበላሽም። ልኬቱ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ወዲያው ያፍጥር። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመመ ሰው ፈቅዷልና፣ ራስን ለአደጋ አጋልጦ መጾም ዒባዳን አያሳምርም።

አላህ ዓፊያ ያድርገን፤ አሚን።