«ስንት ቀረህ?»

በ2015 ዓ.ም. የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር፣ እኛ ስድስት የአንድ መኝታ ክፍል ልጆች ሦስት ሌሊት በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበን አደርን። ፈተና ደርሶ ነበር፤ ደብተሩ ግን ተዘግቶ ነበር። የምንጠብቀው ከላስ ቬጋስ ከተማ የሚላክልንን አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ቁጥሩ ሲጨምር ጮኽን፤ ሲቀንስ ዝም አልን። ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ግን የጮኽነውም ዝም ያልነውም ያለ ቦታው እንደ ነበረ ተረዳን። ይህም አላዋቂነታችን አንድ ጥሩ ወዳጅ ሊያሳጣን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ሌላው ተማሪ ከእኛ ስሕተት ይማር ዘንድ የነገሩን አሠራር ባጭሩ ለመግለጽ አሰብን።

ወዳጃችን ከእኛ ጋራ በአንድ ወንበር ተቀምጦ የተማረ ልጅ ነው። ወደ አሜሪካ ከሄደ ወዲህ የሚኖረው ላስ ቬጋስ ነው። በዚያ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ታክሲ የሚነዱም በሆቴሎች የሚሠሩም አሉ። ወዳጃችን ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ በዕረፍቱ ቀን ፖከር የተባለውን የካርታ ጨዋታ ይጫወታል። በዚያን ዓመት ለዋናው የፖከር ውድድር በሚደረግ ማጣሪያ ለመግባት 1,100 ዶላር ያስፈልገው ነበር። 600 ዶላሩን ከራሱ ቁጠባ አወጣ፤ 500 ዶላሩን አምስት የታክሲ ባልደረቦቹ እያንዳንዳቸው መቶ መቶ አዋጡለት። ቢቀናው እንደየድርሻቸው ሊካፈሉ፣ ባይቀናው ሊተዉለት ተስማሙ። እርሱም ማጣሪያውን አልፎ መግቢያው 10,000 ዶላር የሆነውን ወንበር አገኘ። ሌሊቱን ደውሎ ሲነግረን በደስታ ድምፁ ይቈራረጥ ነበር።

እንግዲህ ይህ ውድድር ምንድን ነው? (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር የሚባለው ውድድር በ1970 በላስ ቬጋስ በቢንየንስ ሆርስሹ ቁማር ቤት ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት አሸናፊው ጆኒ ሞስ የተመረጠው በተጫዋቾቹ ድምፅ ነበር። ከ1971 ጀምሮ ግን ዋናው ውድድር አንድ ሰው የሌሎቹን ሁሉ እስኪጠቀልል የሚካሄድ ሆነ። ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ በ2003 በርካሽ ማጣሪያ ገብቶ 839 ሰዎች በተወዳደሩበት አንደኛ ሲወጣና 2,500,000 ዶላር ሲያገኝ፣ ተራው ሰው ሁሉ «እኔስ ምን አነሰኝ?» አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ የተወዳዳሪው ቁጥር 8,773 ደረሰ። መኒሜከርም እንደ ወዳጃችን ድርሻውን ከፍሎ ለአባቱና ለጓደኛው ሸጦ ነበር። ከአንድ ተጫዋች በስተኋላ ብዙ ጊዜ ሌሎች ሰዎች አሉ ማለት ነው።

ወዳጃችን በገባበት በ2023 የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር 10,043 ነበር። ከእያንዳንዱ 10,000 ዶላር ውስጥ 9,300 ዶላሩ ለሽልማት ሲውል የቀረው ለአዘጋጆቹ ይሆናል። አንደኛ የወጣው ሰው 12,100,000 ዶላር ወሰደ። ገንዘብ ያገኙት ግን 1,507 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹም የደረሳቸው 15,000 ዶላር ነበር። የቀሩት 8,536 ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ስለ አሸናፊው ጋዜጣ ይጽፋል፤ ስለ 8,536ቱ የሚጽፍ የለም።

አጨዋወቱ ለመማር አስቸጋሪ አይደለም። በአንድ ጠረጴዛ ዘጠኝ ሰዎች ይቀመጣሉ። አዳዩ ካርታውን በውዞ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ካርታ ይሰጣል፤ እነዚህን ሌላ ሰው አያያቸውም። ከዚያ በጠረጴዛው መካከል ለሁሉም የሚሆኑ አምስት ካርታዎች ተገልጠው ይቀመጣሉ፤ በመጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ከመጀመሪያው አንሥቶ በየደረጃው ተጫዋቹ ያስይዛል ወይም ካርታውን ይጥላል። በመጨረሻ ከሁለቱ የእጁ ካርታዎችና ከአምስቱ የጋራ ካርታዎች የተሻለ አምስት ያወጣ ያሸንፋል። ሌሎቹ ሁሉ ካርታቸውን ከጣሉ ግን መጥፎ ካርታ የያዘውም ያሸንፋል። ጨዋታው ከዕድል ጋራ የሰውን ጠባይ የማንበብ ትግል የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ እኛ ስሕተት እንምጣ። ተጫዋቹ ሲገባ 60,000 ቺፕ ይሰጠዋል። ቺፕ እንደ ገበጣ ጠጠር ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም፤ ከዚያ ክፍል ውጭ እንጀራ አይገዛም፤ በመካከሉም «በቃኝ» ብሎ መንዝሮ መውጣት አይቻልም። ከዚህም በላይ ዋጋው በየሁለት ሰዓቱ ይወድቃል። ምክንያቱም በየዙሩ ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ የሚከፍሉት የግዴታ መደብ አለ፤ ትንሹ መደብና ትልቁ መደብ ይባላል። ትልቁን መደብ የሚከፍለው ሰው ስለ ጠረጴዛው ሁሉ ተጨማሪ ያንኑ ያህል ይከፍላል። ይህ መደብ በየሁለት ሰዓቱ ከፍ ይላል። ባይሆን ኖሮ ሁሉም እጁን አጣምሮ ይቀመጥና ውድድሩ ዓመት ይፈጅ ነበር።

ስለዚህ ወዳጁን የሚከታተል ሰው «ስንት ቺፕ ቀረህ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ የለበትም። የቀረውን ቺፕ ለትልቁ መደብ ማካፈል አለበት። የጤፍ ዋጋ ሳይጠይቅ በደመወዝ ጭማሪ የሚደሰት ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚሳሳት የኤኮኖሚ ተማሪዎች ያውቃሉ፤ የእኛም ስሕተት ይኸው ነበር። ወዳጃችን ሲጀምር 60,000 ነበረው፤ ትልቁ መደብ 200 ስለ ነበረ 300 መደብ ያህል ነበር። በመጀመሪያው ቀን መጨረሻ «84,000» ብሎ ላከልን፤ ጮኽን። መደቡ ግን 600 ደርሶ ነበርና 140 ብቻ ቀርቶት ነበር። በሁለተኛው ቀን «96,000» ሲለን ከአልጋ ላይ ዘለልን፤ መደቡ 2,000 ስለ ሆነ የቀረው 48 ነበር። ሀብታም ሆነ ብለን ስንዘፍን ልጁ እየደኸየ ነበር።

መልእክቱ የሚመጣውም በዕረፍት ሰዓት ብቻ ነበር። የላስ ቬጋስ ሰዓት በበጋቸው ከእኛ ዐሥር ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚያ እኩለ ቀን ላይ ጨዋታው ሲጀመር እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ 20 ደቂቃ ያርፋሉ፤ እራት ይበላሉ፤ ሲጨርሱ እኛ ዘንድ ረፍዷል። በሁለቱ ዕረፍቶች መካከል ያለው ዝምታ ከባድ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ስለ ጃክ ስትራውስ ደጋግሞ ያወራልን ነበር። ይህ ሰው በ1982 ያለውን ሁሉ አስይዞ ከተሸነፈ በኋላ ሊነሣ ሲል አንድ የ500 ቺፕ ተርፎለት ተገኘ፤ በእርሱዋም ተመልሶ 104 ሰዎች የገቡበትን ውድድር አሸነፈ እየተባለ ይነገራል። ወንበር እስካለህ ተስፋ አለህ የሚለው የተጫዋቾች አባባልም ከእርሱ ጋራ ይያያዛል። ታሪኩ ያጽናናል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ሆነ ማለት ሁልጊዜ ይሆናል ማለት አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ነገሩ ጠና። ገንዘብ ወደሚያገኙት 1,507 ሰዎች ሲቃረብ ጨዋታው ጠባዩን ይለውጣል። ቺፕ ያነሰው ሰው ሌላው ቀድሞት እንዲወጣ ይመኛል፤ ብዙ ያለው ደግሞ ይህን ፍርሃት ዐውቆ ያስጨንቀዋል። አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ጠረጴዛዎቹ ሁሉ እኩል ጀምረው እኩል እንዲጨርሱ ይደረጋል፤ ይህም ማንም ሆን ብሎ እየዘገየ ሌላው እስኪወጣ እንዳይጠብቅ ነው። በዚያ ሰዓት የአንድ ተጫዋች አማካይ ቺፕ 400,000 ያህል ይሆናል። ወዳጃችን የቀረው 54,000 ነበር፤ ትልቁ መደብ 6,000 ሆኗል። ሲጀምር ከነበረው በ6,000 ቺፕ ብቻ ቢያንስም ከ300 መደብ ወደ 9 ወርዷል ማለት ነው። አንድ ዙር ብቻ 15,000 ያስወጣዋል፤ እጁን አጣምሮ ቢቀመጥ አራት ዙር አይሞላም።

እኛ ይህን ሁሉ አላሰላንም። 15,000 ዶላሩ ብቻ ታየን። በዕረፍቱ ላይ «በእናትህ ምንም ካርታ ቢመጣ አትግባ፤ ዝም ብለህ ተቀመጥ» ብለን ጻፍንለት። እርሱ ግን አርባ ያህል ሰዎች ሲቀሩ ሁለት ንጉሥ ደረሰው፤ በፖከር ከዚያ የሚበልጥ አጀማመር ሁለት አስ ብቻ ነው። ያለውን ሁሉ አስያዘ። አንድ ባለ ብዙ ቺፕ ሰው አስና ንግሥት ይዞ ገጠመው። ሁለት ንጉሥ ከአስና ከንግሥት ጋራ ሲገናኝ ከመቶው ጊዜ ሰባውን ያህል ያሸንፋል። ያን ጊዜ ግን የመጨረሻው ካርታ አስ ሆነ። ወዳጃችን ተነሣ፤ የተቃዋሚውን እጅ ጨብጦ ወጣ። ለእኛ የጻፈው «ካርታው ደህና ነበር። ወጣሁ።» የሚል ብቻ ነው።

እኛም በቁጣ «ምን ነካህ? ተቀመጥ አላልንህም?» ብለን መለስንለት። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ድምፁ ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ደወለ። «እናንተ ልጆች፣» አለን፣ «ምን እንደ ሠራሁ አልጠየቃችሁኝም፤ በሆነው ነገር ብቻ ፈረዳችሁብኝ። አስ ባይወጣ ኖሮ ጎበዝ ልትሉኝ ነበር። እኔ ግን በሁለቱም ያው ሰው ነኝ።» መልስ አጣን። መቶ መቶ ዶላር ያዋጡት አምስቱ ባልደረቦቹ ምን እንዳሉት ስንጠይቀው ሳቀ። «ምን ይዘህ ነበር ብለው ጠየቁኝ። ሁለት ንጉሥ አልኋቸው። እንግዲያው በርታ ብለው ቡና ጋበዙኝ» አለ። ገንዘባቸውን ያጡት እነርሱ እንደዚያ ሲያጽናኑት፣ አንድ ሳንቲም ያላወጣነው እኛ ተቈጣነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው፣ ዕድል በሚገባበት ሥራ ሁሉ ውሳኔውና ውጤቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚመዘነው ሰውየው በዚያች ሰዓት ያወቀውን ይዞ የወሰነው ነው እንጂ በኋላ የተገለጠው ካርታ አይደለም። ደህና አጥንቶ በወደቀ ጓደኛ ላይ የምንስቅ፣ ሳያጠና ገምቶ ባለፈውም የምንደነቅ ተማሪዎች ይህን ልናስብበት ይገባል።

ሁለተኛው የወዳጅ ድርሻ የት ድረስ እንደ ሆነ ነው። በፖከር ደንብ አንድን እጅ የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከአጥር ውጭ የቆመ ወዳጅ ሊመክረው አይገባም። በ2024 ጆናታን ታማዮ ሲያሸንፍ ወዳጆቹ በአጠገቡ ኮምፒዩተር ይዘው ይታዩ ስለ ነበር ብዙ ክርክር ተነሣ። ድሉ ጸናለት፤ ነገር ግን አዘጋጆቹ ከዚያ በኋላ ደንቡን አጠበቁ። እኛም በዕረፍቱ ሰዓት ከዚህ ሆነን ካርታውን ልንጫወትለት ሞክረን ነበር፤ ለዚያውም ሳናውቅ። የወዳጅ ሥራ ቁጥሩን በትክክል መረዳት፣ ሲወጣ መቀበልና «ምን ይዘህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው።

አንባቢ ይህን አይቶ ቁማርን አወደሱ እንዳይለን። ወዳጃችን በትክክል ተጫውቶም ከ8,536ቱ አንዱ ሆኗል፤ ያጠራቀመው 600 ዶላር ሄዷል፤ በወጣበት ሌሊትም ወደ ታክሲው ተመልሷል። ደህና የተጫወተ ሁሉ አይበላም፤ ለተማሪ ኪስ የሚሆን ነገርም አይደለም። በዚያ ሌሊት የከሰርነው እኛ ግን በገንዘብ አልነበረም። የወዳጃችንን ልብ ነበር ልናጣ የቀረብነው፤ እርሱ ስለ ደወለልን ብቻ ሳናጣው ቀረን። መደወል የነበረብን እኛ ነበርን።